ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ

ከካሣሁን ማስታወሻ ደብተር፣ አሽቀሎን

የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ከመላኬ በፊት በዚህ ደብተር እገለብጣለሁ። ጎንደር ስልኩ ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይተኛል፤ ደብዳቤ ደግሞ በመንገደኛ እጅ ነው የሚሄደው፣ መንገደኛም ይረሳል። የጻፍኩትን ካላስታወስኩ ከእህቴ ጋር ክርክር አልችልም። የእሷን መልስ ከጎኑ አሰፍራለሁ።

አሽቀሎን፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሲሳይነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲረን ከቀነሰ ወዲህ ሰዉም ገበያውም ተረጋግቷል። ባለቤቴ ዘርትሁን ሳምልኝ ብላለች። ልጃችን ኖያ ወታደር ሆናለች፤ የምናያት ለሻባት፣ ለሰንበት፣ ስትመጣ ብቻ ነው።

ወደዚህ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከሚጠየቁት መሐል ስምሽ ወጥቷል። ባልሽን ለማስታመም ከእኛ ተነጥለሽ ከቀረሽ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነሽ፤ አሁን ተራሽ ደርሷል። ጠያቂዎቹ መጋቢት ላይ ጎንደር ይመጣሉ አሉ። ስለ አባትና እናትሽ፣ ስለ አያት ቅድመ አያትሽ ይጠይቁሻል፤ እሱን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ‹ሌላ ሃይማኖት ትከተያለሽ ወይ?› ይሉሻል። ‹የለም› በያቸውና ዝም በይ። የጸሎት ቤትሽን ስም አታንሺ። ነጋዴ ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። እኔም በተራዬ ስጠየቅ ‹የለኝም› ነው ያልኩት። በእርግጥ ለእኔ ከባድ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ከንግዴ በቀር አጥብቄ የያዝኩት እምነት አልነበረኝም።

እናታችን ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ስለከለከላት ራማት ኤሽኮል ካለው ቤቷ አንሥተን ወደ እኛ፣ ወደ ሺምሾን ሰፈር አምጥተናታል። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምትለው ‹ሲሳይ ደረሰች?› ነው።

የዓይንሽን ቁጥር ስላላወቅሁ ሦስት መነጽር ልኬአለሁ። የሚሆንሽን ያዥ፣ የቀረውን ለጓደኞችሽ ስጪ።

ወንድምሽ ካሣሁን

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለካሣሁን፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ከአንተና ከቤትህ ሁሉ ጋር ይሁን። እኔ በምሕረቱ አለሁ።

መነጽሮቹ ደረሱኝ። መካከለኛው ልክ ሆነኝ። ወፍራሙን ለአንዲት አሮጊት እህታችን ሰጠኋት፤ አድርጋው መዝሙሩን ስታነብ ‹ውይ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በቃሌ ስዘምር አንድ ስንኝ ዘልዬ ኖሬአለሁ!› ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ጌታ ይባርክህ።

አሁን ስለ ነገርህ። ‹የለም በያቸው› ትለኛለህ። በልቤ ያመንኩትን በአፌ ካልመሰከርኩ ማመኔ ምኑ ላይ ነው? ጌታ በሰው ፊት የሚክደውን በአባቱ ፊት እንደሚክደው ተናግሯል። ይህ ለእኔ የተሸመደደ ጥቅስ አይደለም። ባለቤቴ ሦስት ወር አልጋ ላይ ሲወድቅ በሽታው ይጋባል ብሎ ጎረቤት በሩን ዘጋ፤ ዘመድም አልረገጠም። ገላውን ያጠቡልኝ፣ ሲሞትም የተሸከሙት እነዚህ ‹ጴንጤ› የሚሏቸው ሰዎች ናቸው። ምንም አልጠየቁኝም። ጸጋ ማለት ምን እንደሆነ ሰባኪ ሳይነግረኝ በፊት በዓይኔ አየሁት። እንግዲህ በነጻ የተሰጠኝን ነገር በስንት ልሽጠው? ነጋዴው አንተ ነህ፣ ዋጋውን ንገረኝ።

በዚህ ሰፈር ለክርስቲያኖቹ ፈላሻ ነኝ፣ ለወገኖቼ ጴንጤ ነኝ። ለምጄዋለሁ። የከበደኝ የእናቴ ነገር ነው። እሷን ራሷን ጠይቃት፤ ያለችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

እህትህ ሲሳይነሽ

አሽቀሎን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሲሳይነሽ፤

የአባቶቻችን አምላክ በያለሽበት ይጠብቅሽ። እንዳልሽው ጠየቅኳት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው።

‹ሲሳይ ኢየሱስን አልተውም ትላለች› አልኳት።

‹ማን ተይው አላት?›

‹ሰዎቹ ይጠይቋታል።›

‹ትመልስላቸዋ! ልጄ አፍ የላትም?›

‹እውነቱን ከተናገረች ያስቀሯታል፣ እማዬ።›

 ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያ፣ ‹ልጄን ዋሺ ብዬ አልመክራትም። ሳላያት መሞትም አልፈልግም። ሁለቱን አስታርቀህ ጻፍላት፤ በአፍ የምትነግደው አንተ አይደለህ?› አለችኝ። ዘርትሁን ሳቋን መያዝ አቃታት። እማዬ ቀጠለችና፣ ‹እግዜሩስ አንድ ነው፣ ቀበሌው ነው የተለያየ› አለች። ይህን የምትለው ሻባት ሊገባ ሲል ሻማዋን ካበራች በኋላ ነው፤ ረቢው ባይሰማት ይሻላል።

እኔም ላስታርቅ ሞከርኩ። ያ ሶርያዊ የጦር አለቃ፣ ንዕማን፣ ከለምጹ ከነጻ በኋላ ነቢዩን ኤልሳዕን ምን ነበር የለመነው? ንጉሡ በጣዖቱ ቤት ሲሰግድ እጄን ይደገፋል፣ እኔም አብሬው አጎነብሳለሁ፤ ይህን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ነቢዩ አልረገመውም። በሰላም ሂድ ብሎ አሰናበተው። ልቡ የት እንዳለ አምላኩ ያውቃላ። አንቺም ለአንዲት ደቂቃ ጎንበስ ብለሽ እለፊ። ከዚያ ወዲያ በልብሽ ያለውን ማን ይቆጥርብሻል?

ወፍራም ሹራብ ልኬአለሁ። ቀለሙን የመረጠችው እናታችን ናት።

ወንድምሽ ካሣሁን

የካቲት 9። ማስታወሻ።

እናታችን እማማ ሀረጓ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈች። በዚህ አገር ሬሳ አያድርም፤ ከቀትር በኋላ ቀበርናት። ኖያን ከጦር ሠፈሯ ለቀቋት፣ ደረሰች።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ስለ ሲሳይነሽ ተመካከሩ። ‹መርዶ በወረቀት አይሄድም› አሉ። ‹ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ደብዳቤ ይዛ ብትወድቅ ማን ያነሣታል?› ጎንደር ላሉት ለእናታችን የአጎት ልጅ፣ ለጋሼ አስፋው፣ በስንት ሙከራ ስልክ ገባልን። እሳቸውም ‹ጥያቄውን ትጨርስና ሰው ሰብስቤ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ አፋችሁን ያዙ› አሉ። ልማዳችን ነው፤ እኔም ተስማማሁ።

በእኔ ልብ ግን ሌላም ነገር ነበር። የእናቷን ሞት ከሰማች እውነቱን ተናግራ እዚያው ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጎንደር፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለካሣሁን፤

በክርስቶስ ፍቅር ሰላም እልሃለሁ። ሹራቡን ለብሼው ነው የምጽፍልህ። እማዬ ቀለም መምረጥ ትችልበታለች።

ስለ ንዕማን የጻፍከውን ለኅብረታችን ሴቶች አነበብኩላቸው። አንዷ ‹ወንድምሽ ከኛ ሰባኪ ይሻላል› አለች። ሌላዋ ደግሞ ‹ንዕማን ያጎነበሰው ንጉሡን ሊደግፍ ነው እንጂ አምላኬን አላውቀውም አላለም› አለች። እውነቷን ነው። አንተም ታውቀዋለህ መሰለኝ።

ግን ሌላ ቃል ሲወጋኝ ሰነበተ። እናትና አባታቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ገንዘብ ‹ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ› እያሉ ወላጆቻቸውን ባዶ እጃቸውን የሚሰዱትን ጌታ ገሥጿቸዋል። እኔም እነሱን እሆን? እምነቴን ይዤ እናቴን እያስራብኳት ይሆን? ንጽሕናዬን የምጠብቀው ለጌታ ነው ወይስ ለራሴ ኩራት? ስጸልይ ይህ ብቻ ይመጣብኛል። ሁለት እሑድ እጄን አንሥቼ መዘመር አቃተኝ።

ዕቃ አትላክልኝ። የእማዬን ድምፅ በስልክህ ቀርጸህ በሚሞሪ ላክልኝ። ‹ሲሳይ› ብላ ስትጠራኝ ብሰማ የምሠራውን ዐውቃለሁ።

እህትህ ሲሳይነሽ

አሽቀሎን፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሲሳይነሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

እናታችን ድካሙ ስለጠናባት አትናገርም፤ ድምፅዋን መቅረጽ አልተቻለም። አንቺን ግን ትጠብቅሻለች። አልጋሽን ኖያ ክፍል ውስጥ አዘጋጅተናል። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው፣ ባሕሩ ራሱ ባይታይም ነፋሱ ይገባል።

ክርክሩን ልተወው። ጊዜ የለም። የምትመጪ ከሆነ አሁን ነው።

ወንድምሽ ካሣሁን

በዚያው ቀን። ማስታወሻ።

ይህ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ደብዳቤ ነው፤ ለመጻፍ ግን አራት ቀን ፈጀብኝ። ‹አትናገርም› ያልኩት ውሸት አይደለም። ‹ትጠብቅሻለች› ያልኩት ነው ውሸቱ። ሞቷን መደበቅ የአገራችን ልማድ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይጠየቁበታል። በሞቷ መነገድ ግን የእኔ የብቻዬ ነው።

ጎንደር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለካሣሁን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

መጋቢት 22 ቀን ጠየቁኝ። ጠያቂዋ ወጣት ናት፤ የእኛው ዘር፣ እዚያው እስራኤል የተወለደች፣ አማርኛዋ የተሰባበረ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ወንበሩን ስባ አስቀመጠችኝ። የአያቶቻችንን ስም ስቆጥርላት ‹እትዬ፣ ለአት ለአት፣ ቀስ በይ፣ እጄ አልደረሰም› እያለች ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣

‹ሌላ እምነት አለሽ?› አለችኝ።

‹የለኝም› አልኩ።

‹ጸሎት ቤት፣ እዚህ ሰፈር፣ አትሄጂም?›

‹አልሄድም።›

‹እሺ። እዚያ ማንን ልታይ ነው የናፈቅሽው?›

‹እናቴን› አልኩ።

ይኸው ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፤ ለእኔ ሁለቱ በቃኝ። ዶሮ አልጮኸም። ወጥቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ፤ ሾፌሩ መዝሙር ከፍቷል፣ የእኛኑ መዝሙር። ‹አባቴ፣ ዝጋልኝ› አልኩት። ‹ምነው፣ ራስሽን አመመሽ?› አለኝ።

ጌታ እንዲህ ያለውን እንደሚምር ለኅብረታችን ሴቶች አስተምሬአለሁ። ለሌላ ሰው ሲሆን ማስተማሩ ቀላል ነበር። ለማንኛውም ለእማዬ ንገራት፤ ሲሳይ መጣሁ ትልሻለች በላት። መስማት እንኳ ቢያቅታት በጆሮዋ ንገራት።

ሲሳይነሽ

ሚያዝያ 6። ማስታወሻ።

ጋሼ አስፋው ደወሉ። ዛሬ ንጋት ላይ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ይዘው በሯን አንኳኩ። ከጸሎት ቤቷም ሴቶች ጠርተው ነበር። ሲሳይነሽ ለባብሳ፣ ሻንጣዋን አሥራ በር ከፈተች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ሊሸኟት የመጡ መስሏት፣ ‹ጋሼ፣ ዛሬ ነው እንዴ ጉዞው?› አለቻቸው።

‹ካሣሁን፣ ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ› አሉኝ ጋሼ አስፋው። ‹እንዲህ ያለው ግን አልገጠመኝም። ከእንግዲህ እኔን እንዳትልከኝ።›

ጎንደር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለካሣሁን፤

ጋሼ አስፋው ‹በቅርቡ ነው› አሉኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ሰበሩ። ሌላ ሰው አልጠይቅም።

እኔ የተጠየቅሁት መጋቢት 22 ነው። እናቴ ያረፈችው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዕቃ አትላክ፣ ምክር አትላክ። ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።

ሲሳይነሽ

ግንቦት 3። ማስታወሻ።

ደብዳቤዋ ከደረሰኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ‹መጋቢት 28› ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። መጋቢት 28 ብላት በሕይወት ላለች እናት ስትል እንደካደች ታስባለች፤ ጌታዋንም ይቅር በለኝ ለማለት አቅም ታገኛለች። የመግቢያ ፈቃዱም ሊወጣላት ነው፣ ትመጣለች፤ አጠገባችን ትኖራለች። የካቲት 9 ብላት ግን ለሙት ስትል ካደች። ያደረግሁባት ይህን ነው።

የውሸቱን ቀን ስቀድድ መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው የመቃብሩ ድንጋይ ነው። ቀኑ በዕብራይስጥ ተቀርጾበታል፤ መጥታ ኖያን ‹አንብቢልኝ› ብትላት አለቀልኝ። ይህ ደግሞ በኋላ የሚነቃ ውሸት አልሸጥም ማለት እንጂ እውነትን መውደድ አይደለም። ዘርትሁንን አማከርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሴት የምታምነው ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ አምላኳ፣ አንዱ አንተ። ከመጀመሪያው ጋር አጣላሃት። ሁለተኛውን እንኳ ተውላት› አለችኝ።

አሽቀሎን፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሲሳይነሽ፤

እናታችን ያረፈችው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ነው። ከመጠየቅሽ አርባ ሦስት ቀን በፊት። ‹ትጠብቅሻለች› ብዬ የጻፍኩልሽ ከተቀበረች በኋላ ነው። እንዳይነገርሽ የመከሩት ሽማግሌዎች ለአንቺ አዝነው ነው። እኔ ግን እንድትዋሺ ፈልጌ ነው።

ካሣሁን

ጎንደር፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለካሣሁን፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከአንተ ጋር ይሁን። ይህን ሰላምታ መጻፍ ያቃተኝ ለበቀል አልነበረም፤ ስሙን በብዕሬ ለመጥራት ስላፈርኩ ነው።

ቀኑ ደረሰኝ። አንብቤው ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው እሑድ ነበር። በኅብረቱ ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ሰባኪያችን ‹እህታችን፣ ስለ እናትሽ ብለሽ ነው› ብሎ ሊያቀልልኝ ሞከረ። ያቺ መነጽር የሰጠኋት አሮጊት አላስጨረሰችውም። ‹ተዋት፣ ትጨርስ› አለችው። ጨረስኩ። ከዚያ ታጥቤ እንደወጣሁ ሆንኩ ብልህ እዋሻለሁ። አልሆንኩም። ግን ቆሜ ነው የወጣሁት።

ጴጥሮስን ጌታ ሲያገኘው ‹ለምን ካድኸኝ?› አላለውም። ‹ትወደኛለህን?› ነው ያለው። ይህን ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ሲጠየቅ መልሱን በአፉ መናገር እንደነበረበት ነው። ስለዚህ ወደዚያው ወደ ተጠየቅሁበት ሄድኩ። ልጅቱ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ወረቀት የሚቀበለው ሰውዬ አለ። ‹መጋቢት ላይ ያልኩት ውሸት ነው፣ ኢየሱስን አምናለሁ፣ ጻፈው› አልኩት።

‹እትዬ፣ ይገባሻል? ስምሽ ጥያቄውን ካለፉት ውስጥ ነው ያለው› አለኝ።

‹ለዚያ ነው የመጣሁት።›

‹ሰው ለመግባት ያለቅሳል፣ አንቺ ለመውጣት ትሰለፊያለሽ?› አለ። ሳቅሁ። እማዬ ከሞተች ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጽፎ አስፈረመኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ። ቀሎኝ አይደለም፤ ታዝዤ ነው። ጠዋት ይቅር እልሃለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትመለስብኛለህ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ሰባ ጊዜ ሰባት ለሚበድል ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዱን በደል ነው ያን ያህል ጊዜ ይቅር የሚሉት።

ብዙ ሰው ‹ወንድምሽ ቀኑን ባይነግርሽ ይሻል ነበር› ይለኛል። አልተሻለም። ያቺ ደብዳቤህ ናት ወንድም አለኝ ያሰኘችኝ። ጻፍልኝ፤ ስለ ሱቁም ቢሆን፣ ስለ ዝናቡም ቢሆን።

እህትህ ሲሳይነሽ

ሐምሌ 4። ማስታወሻ።

ኖያ ለሻባት መጣች። ቦርሳዋን እንዳዘለች ክፍሏ ገብታ ለአክስቷ የተነጠፈውን አልጋ አየች። አሁንም እንደተነጠፈ ነው።

‹አባ፣ ማታይ ሂ መጊዓ? መቼ ነው የምትደርሰው?›

‹አትመጣም።›

‹ከለከሏት?›

‹አልከለከሏትም። ራሷ ተወችው። እማማ የሞተችበትን ቀን ጽፌላት።›

ኖያ የደብዳቤውን ነገር ሁሉ፣ ከዚህ ከመጨረሻው በቀር፣ ከእናቷ ሰምታለች። ባልተነካው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

‹ሌላ ቀን ብትጽፍላት ትመጣ ነበር?›

‹ትመጣ ነበር።›

‹ይህን እያወቅክ ነው የጻፍክላት?›

‹እያወቅሁ ነው።›

‹አዝ ላማ፣ አባ? ታዲያ ለምን?›

ለገዢ፣ ለረቢ፣ ለሽማግሌ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለልጄ የሚሆን ግን ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

‹ጠየቀችኛ› አልኳት።